ተራራ የወሰዳት ልጅ፦ ስለ ኡልቨር «ቤርግታት» አልበም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን አልበም ለወዳጅ ዘመድ ባሰማሁ ቁጥር የሚነሡት ጥያቄዎች ይብዛም ይነስ ተመሳሳይ ናቸው። አንዳንዶቹ ከጉጉት፣ አንዳንዶቹ ከሥጋት የሚመጡ ናቸው። ሁለቱንም ስለማከብር መልሴን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ቤርግታት» ምንድን ነው?

ኡልቨር የሚባለው የኖርዌይ ባንድ በ1995 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ነው። የሚመደበው ብላክ ሜታል በሚባለው፣ በሚያጓሩ ኤሌክትሪክ ጊታሮች፣ በፈጣን ድራምና በጩኸት በሚታወቀው የሜታል ሙዚቃ ዓይነት ውስጥ ነው። ኡልቨር ማለት «ተኩላዎች» ነው። ባንዱ የተመሠረተው በ1993 ኦስሎ ውስጥ ሲሆን፣ አልበሙን ያሳተመው «ሄድ ኖት ፋውንድ» የተባለ አነስተኛ የኖርዌይ አሳታሚ ነበር። በዚያን ጊዜ «ጋርም» በሚል ስም ይታወቅ የነበረው ድምፃዊ ክሪስቶፈር ሪግ በ1976 ስለተወለደ፣ ሥራው ለአድማጭ ሲደርስ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። በአልበሙ ላይ አምስት ዘፈኖች አሉ፤ ሁሉም ተደምረው 35 ደቂቃ አይሞሉም። ንዑስ ርዕሱ «በ5 ምዕራፍ የቀረበ ተረት» ይላል። ዘፈኖቹም በእርግጥ ምዕራፎች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱን ነጥሎ መስማት ተረትን ከመሐሉ ጀምሮ እንደ መስማት ነው።

ስሙ ምን ማለት ነው?

ቃል በቃል ሲፈታ «በተራራ የተወሰደ» ወይም «ተራራ የወሰዳት» ማለት ነው። በኖርዌይ ገጠር የቆየ እምነት መሠረት በተራራውና በድንጋዩ ውስጥ ሌላ ሕዝብ ይኖራል። ከብት ያረባል፣ ይዳራል፣ ይደግሳል። ለዓይን ግን አይታይም። ከብት ስትጠብቅ የመሸባት ልጃገረድ ወይም ከመንገድ የወጣ ጎረምሳ በነዚህ ስውራን ይታለልና ተራራው ተከፍቶ ያስገባዋል፤ ከዚያ ይዘጋል። ሰው ሲጠፋ መንደርተኛው የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደውል ነበር፤ የደወል ድምፅ ከደረሰ ተራራው የያዘውን ይለቃል ተብሎ ይታመናል። ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት በሰውየው ላይ አሻግሮ መወርወርም እንደ መከላከያ ይቆጠር ነበር።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ከማንም በፊት የሚገባው ነገር አለ። እኛ ዘንድ ቀትር ላይ ወንዝ ወርዳ በዚያው ሐሳቧ የተለወጠባትን ልጅ «ተለክፋለች» እንላለን። ያው ቃል ደግሞ ዛሬ ከጋኔኑ ተለይቶ ይኖራል፤ ኳስ ያበደው ሰው «በኳስ የተለከፈ» ይባላል። በኖርዌጂያንም እንዲሁ ነው። ዛሬ አንድ ኖርዌጂያዊ ባየው ነገር ልቡ ሲወሰድ፣ ፊልምም ይሁን ዘፈን ወይም የሰው መልክ፣ «ቤርግታት» ሆንኩ ይላል። አንዱ ቃል ሁለቱንም ይዟል፤ በመንፈስ መወሰድንም፣ በውበት መማረክንም። አልበሙ የቆመው በትክክል በነዚህ ሁለት ትርጉሞች መካከል ነው። ሙዚቃው ስለ ልጅቷ የሚነግረንን ነገር በእኛው ላይ ያደርገዋል።

ታሪኩ እንዴት ነው?

የምዕራፎቹ ርዕሶች ብቻ ተራ በተራ ቢነበቡ ታሪኩን ይናገራሉ፦ በጭራቆች ጫካ ውስጥ መንገድ መሳት፣ ፀሐይ ከጋራው ጀርባ መጥለቅ፣ የሚመለከታት ዓይን መኖሩን ማወቅ፣ የሚጠራ ድምፅ፣ ወደ ተራራው ጓዳዎች መግባት። አንዲት ልጅ ናት፣ ብቻዋን ናት፣ እየመሸባት ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ሜታል እጠብቃለሁ ብሎ የተቀመጠን ሰው ግራ ያጋባል። ድራሙ እንደ ሰልፍ ከበሮ ይንደረደራል፣ ጊታሮቹ ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ግን የሚወጣው ጩኸት ሳይሆን ዜማ ነው። ድምፃዊው የራሱን ድምፅ በድምፅ ላይ ደራርቦ፣ እንደ መዘምራን ቡድን፣ ሳይቸኩል ይዘምራል። ልጅቷ ገና መጥፋቷን አታውቅም፤ ጫካው ያምራል።

ሁለተኛው ምዕራፍ በዋሽንትና በአኩስቲክ ጊታር ይከፈታል። ብርሃኑ እየሳሳ ሲሄድ የተሳለው እንዲህ ነው። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጥርት ያለው ዜማ ግን አይጠፋም፣ ሁለቱ ይፈራረቃሉ።

በሦስተኛው ምዕራፍ መሐል ያለውን ቦታ ከአልበሙ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። የሚያጓሩት ጊታሮችና ድራሙ ይወድቁና የእግር ኮቴ ይሰማል። ሰው ጫካ ውስጥ እየሮጠ ነው፤ መሬቱ ከእግር ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። በጆሮ ማዳመጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ ነበርና ቆሜ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። የሚከተለኝ ሰው አልነበረም። ብዙ ባንዶች እንዲህ ያለ ድምፅ ለማስፈራሪያ ይጠቀሙበታል። እዚህ ግን የሚያሳዝን ነው። ከታሪኩ ውጭ ቆመን የምንሰማት ልጅ ድንገት እስትንፋሷ እስኪሰማን ድረስ አጠገባችን ትደርሳለች።

አራተኛው ምዕራፍ አራት ደቂቃ ያህል ነው። ድራምም ሆነ የሚያጓራ ጊታር የለበትም፤ አኩስቲክ ጊታርና ዝቅ ያለ የሰው ድምፅ ብቻ ነው። «የሚጠራው ድምፅ» ይህ ነው። ልብ በሉ፦ በአልበሙ ሁሉ እጅግ አስፈሪ መሆን የሚገባው ቅጽበት፣ ስውሩ ልጅቷን የሚጠራበት ቅጽበት፣ ከሁሉም ክፍሎች በላይ ለስላሳው ነው። እናት ልጇን እሹሩሩ የምትልበት ያህል ለስላሳ።

አምስተኛው ይወርዳል። ፍጥነቱም ቁጣውም እዚህ ይጠራቀማል፣ ተራራው ይከፈታል። ከዚያ ደግሞ ሁሉም ረግቦ በአኩስቲክ ጊታር ይዘጋል። ደወል ሲደወል አይሰማም።

ግጥሙ በምን ቋንቋ ነው? ካልገባኝስ?

ሆን ተብሎ በድሮ አጻጻፍ የቀረበ ዳኖ ኖርዌጂያን ነው። ኖርዌይ እስከ 1814 ድረስ በዴንማርክ ነገሥታት ሥር ስለነበረች፣ የመጽሐፍ ቋንቋዋ ለዘመናት ዴንማርክኛ ነበር። ኡልቨሮች የቆየ የጸሎት መጽሐፍ ወይም የተረት ጥራዝ የሚመስለውን ያንን አጻጻፍ መርጠው ተጠቀሙበት። የዛሬ ኖርዌጂያዊ ይረዳዋል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ቃል ላይ ቆም ማለት አለበት። እኛ ለዐምደ ጽዮን የተዘመሩትን የድሮ አማርኛ የወታደር መዝሙሮች ስናነብ የሚሰማን ዓይነት ነገር ነው። ቋንቋው የእኛው መሆኑ ይታወቃል፣ ግን ከሩቅ ነው የሚናገረን።

ስለዚህ ግጥሙ ሳይገባችሁ መስማታችሁ ያን ያህል አያጎድልባችሁም። የምዕራፎቹን ርዕስ ካወቃችሁ ቀሪውን ዜማው ይነግራችኋል።

የሕዝብ ሙዚቃ ተጽዕኖ አለበት ይባላል። ማሲንቆ የሚመስል ነገር አልሰማሁበትም፤ የቱ ጋ ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባህላዊ ሙዚቃን ከሜታል ጋር ቀላቀልን የሚሉ ብዙ ባንዶች ሥራቸው መሣሪያ መደርደር ነው፤ ቫዮሊን ይጨምራሉ፣ ዋሽንት ይጨምራሉ፣ አኮርዲዮን ይጨምራሉ፣ ዘፈኑ ግን ያው የቀድሞው ነው። «ቤርግታት» ውስጥ የባህል መሣሪያ የሚባለው ከዋሽንቱ ብዙም አያልፍም። ባህሉ ያለው በዜማው አካሄድ ውስጥ ነው።

ትዝታ በማሲንቆም ተመታ በሳክስፎን፣ ትዝታ መሆኑ አይጠፋም። ሰሚው ከሁለተኛው ስንኝ በፊት ያውቀዋል። በዚህ አልበምም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታሮቹ ምንም ያህል ቢያጓሩ፣ የሚጫወቱት መስመር አንድ ሰው ከብት ይዞ ሲመለስ ሊያንጎራጉረው የሚችል መስመር ነው። እመኑኝ፣ ሞክሩት፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ዜማ ሳህን እያጠባችሁ ማንጎራጎር ይቻላል። ከብዙ የሜታል ዘፈን ጋር ይህን ማድረግ አይቻልም። የባንዱ ሰዎች ይህን ራሳቸው ስላወቁት ይመስለኛል በዓመቱ፣ በ1996፣ «ክቬልድሳንገር» የተባለውን ሁለተኛ አልበማቸውን ከነጭራሹ ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር ሠሩት። ርዕሱ «የምሽት ዘፈኖች» ማለት ነው።

ታሪኩም ቢሆን አዲስ አልነበረም። ኤም. ቢ. ላንስታድ የተባለ ቄስና የመዝሙር ደራሲ በ1853 ባሳተመው የሕዝብ ዘፈኖች ስብስብ ውስጥ በተራራ ስለተወሰዱ ሰዎች የሚተርኩ ረጃጅም የትረካ ዘፈኖች አሉ። ከነዚህ መካከል የታወቀችው «ማርጊት ዩክሴ» ናት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በተራራው ንጉሥ ተታልላ የቀረች ልጅ። ከላንስታድ ጥራዝ ላይ ኤድቫርድ ግሪግ በ1870ዎቹ መጨረሻ አንዱን ግጥም ወስዶ ለወንድ ድምፅ፣ ለሁለት ሆርንና ለባለ አውታር መሣሪያዎች አቀናበረው፤ ርዕሱም ከአልበሙ ርዕስ ጋር አንድ ቃል ነው፣ በሌላ የአጻጻፍ ወግ። ስለዚህ እነዚህ ጎረምሶች በ1995 ያነሡት ነገር በገበሬ አፍ፣ በቄስ ብዕርና በአቀናባሪ ወረቀት አልፎ የመጣ ነው። ሰንሰለቱ ከእነሱ ዘንድ ሲደርስ አልተበጠሰም።

ጩኸቱን መቻል አቃተኝ። ምን ላድርግ?

ከአራተኛው ምዕራፍ ጀምሩ፣ ቀጥሎ አንደኛውን፣ ከዚያ ሙሉውን ከመጀመሪያው። ዘፈን አትነጥሉ ያልኩት ለለመደ ጆሮ ነው፤ ለጀማሪ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ እፈቅዳለሁ። በጩኸቱ ውስጥ ቃል ለመስማት አትድከሙ፤ እንደ ንፋስ ቁጠሩት፣ በዛፎቹ መሐል እንደሚያልፍ። ቤዝ ጊታሩን ተከተሉ። በዚህ ዓይነት ሙዚቃ ቤዙ አብዛኛውን ጊዜ ተውጦ ይቀራል፤ እዚህ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል፣ በራሱ መንገድም ይዞራል፣ በግርግሩ ውስጥ እጅ ይዞ የሚያሻግር ነገር ይሆናል።

ይህ የሰይጣን ሙዚቃ አይደለም ወይ?

ከሁሉም በላይ ይህን ነው የምጠየቀው፤ ጠያቂዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ለእኔ ከማሰብ ነው። ስለዚህ በሙሉ ልብ ልመልስ።

ሥጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ኡልቨር የወጣበት የኖርዌይ ብላክ ሜታል ዙሪያ በዚያን ጊዜ ከባድ ወንጀል የተፈጸመበት ነበር። በጁን 1992 በርገን አጠገብ የነበረው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ሌሎችም ተከትለው ተቃጠሉ። በ1993 አንድ የታወቀ ጊታሪስት በሌላ ሙዚቀኛ እጅ ኦስሎ ውስጥ ተገደለ። እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሳለም፣ የምጾም ሰው ነኝ፤ ይህን ሳነብ ይቆረቁረኛል። የተቃጠለው እንጨት ብቻ አልነበረም፣ የሰው ልጅ ለዘመናት የጸለየበት ቤት ነው።

ነገር ግን «ቤርግታት»ን ከዚያ እሳት ጋር መጨፍለቅ ትክክል አይደለም። አልበሙ ሰይጣንን አያመልክም፣ አምልኩም አይልም። የሚተርከው አያቶች ለልጅ ልጆች በምድጃ ዳር የተረኩትን፣ ቄሱ ላንስታድ ራሱ ሊጠፋ አይገባም ብሎ የሰበሰበውን ዓይነት ታሪክ ነው። ስለ ጅብና ስለ ቡዳ፣ ስለ ወንዝ ጋኔን የሚተርክ የእኛ ሰው እነዚያን አምልኳል እንደማንለው ሁሉ ነው። እንዲያውም ታሪኩን በደንብ ለሰማው ማስጠንቀቂያ አለበት፤ የሚያጠፋ ነገር ሲመጣ ቀንድና ጅራት ይዞ ሳይሆን ባማረ ድምፅ እየጠራ እንደሚመጣ። ይህን ከሰበካ መድረክም ሰምቼዋለሁ።

ሌሎች የዚያን ዘመን አልበሞች ውስጥ ግን በእምነት ላይ ያነጣጠሩ ግጥሞች በብዛት አሉ። ለእነሱ ጥብቅና አልቆምም።

ከ30 ዓመት በኋላ ዛሬም የሚሰማው ለምንድን ነው?

ናፍቆት ነው የሚሉ አሉ። እኔ በ1995 ይህን ሙዚቃ አላውቀውም ነበር፣ አገሩንም አላውቀውም ነበር፤ የምናፍቀው ነገር የለኝም። ይዞኝ የቀረው ግን ያው ነው። ስለዚህ ናፍቆት ብቻውን አይመልሰውም።

የእኔ መልስ ይህ ነው፦ አልበሙ የሚያስፈራውን ነገር በለሆሳስ ያመጣዋል፣ ቁጣውን ደግሞ ለሐዘን ያውለዋል። ከእርሱ በፊት የነበረው ብላክ ሜታል ጭለማን ያሰማ የነበረው በጩኸትና በፍጥነት ነው፤ ያ ያስደነግጣል፣ ድንጋጤ ግን ሲደጋገም ይለመዳል። ማባበል ግን አይለመድም። አራተኛው ምዕራፍ ሲደርስ አድማጩ ራሱ፣ ታሪኩን እያወቀ፣ መጨረሻውን እያወቀ፣ ድምፁን ተከትሎ መሄድ ይፈልጋል። ልጅቷን «አትሂጂ» የሚል አድማጭ አላጋጠመኝም። ሁላችንም አብረናት እንገባለን። አንድ ሥራ ይህን ያህል ጥፋተኛ ሲያደርገን እንደገና እንመለስበታለን፣ ምን እንዳደረገን ለማየት።

ማጠሩም ረድቶታል። ዛሬ ከአንድ ሰዓት የሚያልፉ አልበሞች በበዙበት ጊዜ፣ ይህ ቡና ተፈልቶ አቦል እስኪጠጣ ባለው ጊዜ ይጀምርና ያልቃል። ትርፍ ደቂቃ የለበትም።

ሌላው ደግሞ እርሱን ተከትለው የመጡት ናቸው። ከአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የተነሣው አጋሎክ፣ አኩስቲክ ጊታርን፣ ጥርት ያለ ዜማንና ረጅም የደን ስሜትን አዋሕዶ ሲመጣ የኡልቨር ጥላ አብሮት ነበር። (የዚህ ባንድ ስም ከዑድ ዛፍ የላቲን መጠሪያ የተወሰደ ነው፤ ያ ቤት የሚታጠንበት ዑድ። ዛፉ ሻጋታ ሲይዘውና ሲቆስል ነው መዓዛ ያለውን ሙጫ የሚያወጣው። ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ ከዚህ የተሻለ ስም ይኖራል ብዬ አላስብም።) ተከታዮቹን የወደደ ሰው ሁሉ ምንጩን ሲፈልግ «ቤርግታት» ላይ ይደርሳል።

ጫካ ውስጥ ነው የተቀዳው የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ወሬው የሚነገረውም ስለ ሦስተኛው አልበማቸው፣ በ1997 ስለወጣው «ናትንስ ማድሪጋል» ነው፤ ድምፁ እጅግ ሻካራ ስለሆነ ጫካ ውስጥ ቀዱት ተባለ። ባንዱ አስተባብሏል።

ለምን ይህን የመሰለ ሌላ አልበም አልሠሩም?

ኡልቨሮች አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ የሚቆሙ ሰዎች አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አልበሞች አንድ ሦስትዮሽ ናቸው፤ በ2014 በአንድ ሳጥን ተጠቃለው እንደገና ታትመዋል። ከ1998 ጀምሮ ግን ሜታልን ትተው ወደ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ተሻገሩ፣ ከከተማ ሌሊት ድምፅ ጋር ሠሩ፣ ከትሮምሶ የቻምበር ኦርኬስትራ ጋር ሠሩ፣ በ2010 በኦስሎ ኦፔራ ቤት መድረክ ላይ ቀረቡ፣ በ2017 ደግሞ ለጭፈራ የሚሆን ፖፕ የሚመስል አልበም አወጡ። የተከፋ አድማጭ ብዙ ነው፤ እኔ አልተከፋሁም። ዐሥር «ቤርግታት» ቢኖር የመጀመሪያው ይደበዝዝ ነበር። አሁን ብቻውን ቆሟል፣ ወጣቶች ሳሉ አንድ ጊዜ የገቡበትና የተዘጋ ተራራ ሆኖ።

እንዴትና መቼ ልስማው?

በአንድ ቁጭታ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሲመሽ። የትም አገር ብትሆኑ ጨለማ አይታጣም።

ኦስሎ የምትኖሩ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኖቬምበር መጨረሻ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በእኛ አቆጣጠር፣ በአንደኛው መስመር ባቡር እስከ ፍሮግነርሴተረን ውጡ፤ የመጨረሻው ፌርማታ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የኖርድማርካ ደን ነው። ፀሐይ በዚያ ሰሞን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች። የእጅ ባትሪ ያዙ፣ ስልካችሁን ሙሉ፣ ከሚታወቀው መንገድ አትውጡ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ ደኑ ሰፊ ነው። አንደኛውን ምዕራፍ ከባቡሩ ስትወርዱ ጀምሩት። ሁለተኛው ላይ ዋሽንቱ ሲነሣ ብርሃኑ ከጥዱ ጫፍ ላይ ብቻ ይቀራል፣ ከታች ያለው መንገድ ሰማያዊ ይሆናል። ሦስተኛው ላይ የእግር ኮቴው ሲመጣ እናንተም እየተራመዳችሁ ነውና የትኛው ኮቴ የእናንተ፣ የትኛው የእርሷ እንደሆነ መለየት ያቅታል። እኔ እዚያች ቦታ ሁልጊዜ አንድ ጊዜ እቆማለሁ። የእኔ እግር ዝም ሲል የእርሷ ይቀጥላል።